የቢላዋ ሠሪው ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሽ የተነገረ)



በዚህ የበዓል ቀን አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ሩቅ አገር ታላላቅ ሰዎች ብንናገር እንደሚሻል የመከሩን ጓደኞች ነበሩ። ምክራቸው መልካም ነው፤ ሆኖም የሩቁን ሌላ ሰው ይናገረዋል ብለን እኛ የቅርቡን መረጥን። ዛሬ ጧት እናቶቻችን ሽንኩርት የከተፉበትን ቢላዋ፣ በፋሲካ በግ የሚታረድበትን ካራ፣ ገበሬው እህሉን የሚያጭድበትን ማጭድ ማን ሠራው? ብረቱንስ ከየት አገኘው? የሠራውስ ሰው በሰው መካከል እንዴት ሆኖ ኖረ? የምንናገረው ይኸንን ነው።

«እኛ» ስንል በእብናት ከተማ ዳር በአንድ ቢላዋ ሠሪ ቤት የተወለድን ልጆች ማለታችን ነው። በቤታችን ከቅድመ አያታችን ጀምሮ እስከ አባታችን ድረስ ሦስት ትውልድ በመዶሻና በወናፍ ኖሯል፤ አራተኞቹ እኛ ነን። አባታችን ከወላጆች መካከል ተቀምጠው ስለሚሰሙን፣ ከእውነት ፈቀቅ ብንል ማታ እንደሚወቅሱን እናውቃለን።

እብናት፣ ከእናንተ ብዙዎቹ እንደምታውቁት፣ በደቡብ በኩል ከፋርጣ፣ በምዕራብ ከሊቦ ከምከም፣ በደቡብ ምሥራቅ ከላይ ጋይንት፣ በሰሜን ከበለሳ ጋር የምትዋሰን የገበሬ አገር ናት። ገበሬ ባለበት ቀጥቃጭ አለ። ድንጋያም መሬት የሚገፋ ማረሻ ጫፉ ይበላል፤ ካልተሳለና ካልተቀጠለ በሚመጣው ክረምት አያርስም። ስለዚህ ገበሬው ወደ ቀጥቃጩ ደጅ መምጣቱ አይቀርም። ዋጋውንም በገንዘብ አይከፍልም ነበር፤ መከር ሲገባ ከአውድማው በቁና እየሰፈረ ይሰጣል እንጂ። እህል የበዛ እንደ ሆነ ቀጥቃጩም ይጠግባል፤ የጠፋ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የሚራበው እርሱ ነው።

ቅድመ አያታችን ርስት አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን መሬት ከአባት ከእናት በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ የእጅ ሠራተኛ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ በሌላው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ነበረ። በደምቢያ፣ በወገራና በበለሳ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ከርስት ተለይተው ስለ ነበር ብረት መቀጥቀጥን፣ ሸክላን፣ ሸማንና ግንበኝነትን ይዘው ኖረዋል። ነገሩን ልብ ብላችሁ ብታዩት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። መሬት የሌለው ሰው ወደ እጅ ሥራ ገባ፤ የእጅ ሠራተኛ ነውና ደግሞ መሬት አይገባውም ተባለ።

ከመሬቱ ይልቅ የከፋው ስሙ ነበረ። ጨዋ ሰው «ባለ እጅ» ይላል፤ የተናደደ ሰው «ቀጥቃጭ» ይላል፤ ከዚያም ያለፈው «ቡዳ» ይላል። ቡዳ ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ያረፈበትን ሕፃን ይበላል እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህ ወሬ የእብናት ብቻ አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለበት ጅብ እንደሚታይ፣ ሰዎቹም ይህ ጅብ የሆነ ቀጥቃጭ ነው እንደሚሉ ጽፎ ትቷል። ቅድመ አያታችን ወደ ገበያ ሲወርዱ ሴቶች የእንጀራ መሶባቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። መሶቡን ሸፍነው ሲያበቁ ግን፣ «ባለ እጅ፣ ቢላዋዬ ደንዝዟልና ሳልልኝ» ይላሉ። ገበሬ ለቀጥቃጭ ልጅ ልጁን አይድርም፤ ስለዚህ ቀጥቃጭ ከቀጥቃጭ ይጋባል። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የወረደውም ሌላ በር ስላልነበረ ነው። እኛም በታናሽነታችን በተማርንበት ትምህርት ቤት ከእኛ ጋር ዳቦ የማይቆርስ ልጅ አላጣንም፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደ ሆነ መናገር ግን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቤቱ ግቡ። የአያቶቻችን መሥሪያ ቤት ጨለማ ነው። መስኮት የለውም፤ በሩም ዝቅ ያለ ነው። በመካከሉ የከሰል ምድጃ፣ በጎኑ ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ወናፎች፣ ፊት ለፊት በመሬት የተተከለ መስፍ፣ በግራ ጉጠትና መዶሻ፣ በቀኝ የውሃ ገንዳ አለ። ሰው ሁሉ ስለዚህ ጨለማ ብዙ ያወራ ነበር። «ምን ቢደብቅ ነው በጨለማ የሚሠራ?» ይባላል። የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ብረት በእሳት ውስጥ ቀለሙን ሲለውጥ ቀለሙ በፀሐይ ብርሃን አይለይም፤ በጥላ ብቻ ነው የሚታይ። ቅድመ አያታችን የሙቀት መለኪያ አልነበራቸውም፤ መለኪያቸው ዓይናቸው ነበር። ጥቁሩ ብረት እንደ ደረቀ ደም ሲሆን ገና ነው፤ እንደ በሰለ በርበሬ ሲቀላ ደርሷል፤ ወደ ቢጫና ወደ ነጭ ካለፈ ተቃጥሏልና አይረባም። ሰው በጥንቆላ ያሳበበው ጨለማ የቀለም መመልከቻ ነበረ።

አንድ ቢላዋ እንዲህ ይሠራል። ብረቱ በቀይ ሙቀት ሳለ በመዶሻ እየተመታ ይሳባል፤ ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ቀጭን ይሆናል፤ በእጀታው በኩል ሹል ጭራ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ እንደ ገና ይቀላና ይነከራል። በዚህን ጊዜ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ ጥቁረቱን በድንጋይ ፍቀው ካነጡት በኋላ ከእሳቱ ዳር በቀስታ ያሞቁታል፤ በነጣው ብረት ላይ የገለባ ቀለም ሲመጣ ወዲያው ያወጡታል። ሰማያዊ እስኪሆን ከቆዩ ስለቱ ይለሰልሳል። እጀታው ከወይራ ወይም ከበሬ ቀንድ ይሆናል፤ ጭራው እሳት እስኪመስል ግሎ በእጀታው ይሰካና ሲበርድ ይያዛል። ከቀንድ ሲሆን የሚወጣው ሽታ ክፉ ነው፤ እናታችን ልብስ ታጥቦ በተሰጣበት ቀን የቀንድ እጀታ እንዳይሰካ ከልክላለች። በመጨረሻም አያታችን ከእጀታው አጠገብ ሦስት ትንንሽ ጭረት ያደርጉ ነበር፤ ይህ የቤታችን ምልክት ነው።

ብረት በቀድሞ ዘመን ውድ ነበርና አይጣልም ነበር። ያለቀ ማረሻ ማጭድ ይሆናል፤ ያለቀ ማጭድ ቢላዋ ይሆናል፤ ያለቀ ቢላዋ ወስፌ ይሆናል። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ጣልያን በደብረ ታቦርና በጎንደር በሰፈረ ጊዜ፣ ጎንደርም በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነፃ በወጣች ጊዜ የተሰበረ መኪናና የነዳጅ በርሜል በየመንገዱ ቀረ። ቅድመ አያታችን ከዚያ በኋላ ብረት አልቸገራቸውም። የበርሜሉ ብረት ግን ለምጣድ ክዳን እንጂ ለቢላዋ እንደማይሆን ሲናገሩ፣ «ይህ ብረት ውሃ ቢጠጣም አይረካም» ይሉ ነበር አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ወደ በኋላ እንናገራለን።

እዚህ ላይ ከደብረ ታቦር አጠገብ ስላለችው ስለ ጋፋት ጥቂት ማለት ይገባናል። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ አገር ከቅድስት ክሪስቾና የመጡትን እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን በጋፋት አስቀምጠው፣ የአገራችንን ሠራተኞች ጨምረው መድፍ አሠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው፣ ከነሐስ የተቀለጠ፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን ነበር። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ብዙ ሰው በገመድ እየሳበው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መንገድ እየጠረጉ፣ ከአምስት ወር በኋላ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ስለዚህ መድፍ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተዘፍኗል። እኛ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ንጉሥ የእጅ ሠራተኛን እንዲህ በወደደበት፣ እሳትና ብረት ክብር ባገኘበት በዚያው አገር፣ መድፉ ከሄደ በኋላ ስድቡ ለምን ቀረ? በእኛ አስተያየት፣ የተከበረው መድፉ ስለ ነበረ ነው፤ መድፉን የሠራው እጅ አብሮ አልተከበረም።

ይህን የተረዱት ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ናቸው። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማ ሠሪውንና ሌላውንም የእጅ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን መወለዱን፣ በሌላው አገር አዲስ ሥራ የሚያወጣ ሰው እንደሚከበርም አስታወሱ። አዋጁ መልካም አዋጅ ነበር። ሆኖም በእብናት ገበያ መሶብ መሸፈኑ አልቀረም፤ ነጠላዋን የምትዘረጋን ሴት የሚያስር ዳኛ ከየት ይመጣል?

አያታችን ሥራውን ሲረከቡ ዘመን ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ በተሰጠ ጊዜ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አገኘ። አያታችን በገዛ እጃቸው በሠሩት ማረሻ በገዛ መሬታቸው አረሱ፤ ማረሻው ግሩም እንደ ነበር፣ አራሹ ግን እስኪለምድ ድረስ መሥመሩ ይጣመም እንደ ነበር ጎረቤቶች እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

በዚያው ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦር በኩል አለፈ። ከባድ መኪና ሲመላለስ ባሌስትራው ይሰበራል፤ የተሰበረው ባሌስትራ ወደ ቀጥቃጭ ይመጣል። አያታችን ከባሌስትራ የሠሩትን የመጀመሪያ ካራ እንደ አባታቸው ልማድ በውሃ ቢነክሩት «ጢጥ» ብሎ ከአፉ እስከ ጀርባው ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። አያታችን ሦስት ቀን ወናፉን አልነኩም። በአራተኛው ቀን ወደ ደብረ ታቦር ሄደው ከአንድ ጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጀሪካን አመጡ፤ ካራውንም በዘይት ነከሩት። ዘይት ከውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚያበርድ ብረቱ ሳይሰነጠቅ ጠነከረ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ማንበብም አያውቁም ነበር። የዘይቱ ጥቁር ጭስ ከጣራው ሲወጣ ያዩ ሰዎች ግን ያው የለመዱትን አወሩ።

ስለ 1977 ዓ.ም. ብዙ አንናገርም። በእብናት የነበረውን የረሃብተኞች መጠለያ፣ በሚያዝያ ወር ሰው በግድ ከዚያ መበተኑን፣ ጎጆውም መቃጠሉን ከእናንተ በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ። በሬው የሞተበት ገበሬ ማረሻ አያሠራም፤ በቁና የሚሰፈርም አልነበረም። አያታችን በዚያ ዓመት የሸጡት መስፉን ብቻ እንዳይሆን አድርገው ሌላውን ሁሉ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከእነርሱ በፊትም ብዙዎች በሱዳን በኩል ሄደው ነበር። በጎንደር አገር ማረሻና ሸክላ የሚሠሩት እጆች ከእነርሱ ጋር ሄዱ። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ዛሬ ሸክላውን የሚሠሩት በአካባቢው የቀሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ያን ጊዜ ከበለሳ በኩል ማረሻውን በአህያ ጭኖ ሁለት ቀን ተጉዞ ወደ አያታችን ደጅ የሚመጣ ገበሬ በዛ። አያታችን፣ «ዱሮ እንድንሄድላቸው ይጸልዩ ነበር፤ ግማሹ ቢሄድ ግማሹን ፍለጋ መጡ» ብለው ይስቁ ነበር።

አሁን ቅድመ አያታችን «ውሃ ቢጠጣም አይረካም» ስላሉት ብረት እንመለስ። በኬሚስትሪ ትምህርታችን እንደተማርነው ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው፤ የሚያጠነክረው በውስጡ ያለው ካርቦን ነው። ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ፌሮ ከመቶ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ካርቦን አለው፤ ባሌስትራ ግን ከመቶ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ይዟል። ፌሮውን አግለው ቢነክሩት እንደ ለሰለሰ ይቀራል፤ ባሌስትራው ግን ስምንት መቶ ዲግሪ ያህል ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። የገለባው ቀለም የሚታየውም ከሁለት መቶ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ሰማያዊው ሦስት መቶ ሲደርስ ይመጣል። ይህን ከመጽሐፍ ባነበብን ቀን ማታ ለአባታችን ብንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያም፣ «መጽሐፉ አያታችሁን ያውቃቸው ነበርን?» አሉ። ከሦስት ትውልድ በላይ በስድብ የተከበበ ጨለማ ቤት ውስጥ የነበረው ትምህርት መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፉት ጋር አንድ ነበረ።

በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የሚባል ሰው ነበር። አባቱ ብረት አቅላጭ ነበሩ፤ እርሱም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱ በሚሠሩበት ገባ። በኋላ ማታ ማታ እየተማረ ኬሚስት ሆነና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ከመቶ 12.8 ክሮምየም ያለበትን የማይዝግ ብረት አቀለጠ። የከተማው ቢላዋ ሠሪዎች በመጀመሪያ ሳቁበት፤ «የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው» አሉት። ዛሬ በገበያችን ተደርድሮ የምታዩት ነጭ የፋብሪካ ቢላዋ ከዚያ ምድጃ የወጣ ነው። በጀርመን አገር ደግሞ የዞሊንገን ቢላዋ ሠሪዎች የከተማቸው ስም በሌላ ሰው ቢላዋ ላይ እንዳይጻፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተጠብቆላቸዋል። በዚያ የቢላዋ ሠሪ ልጅ የአባቱን ስም በስለቱ ላይ ያትማል፤ በእኛ አገር የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ ነው» የሚል ልጅ ብዙ ነው።

ይህ ነጭ ቢላዋ ወደ ቤታችንም ደርሷል። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ አይዝግም፤ ሴቶች ቢወዱት አንፈርድባቸውም። አባታችን ለወጥ ቤት የሚሠሩት ቢላዋ ከዐሥር ዓመት ወዲህ በጣም ቀንሷል። የቀረላቸው ማጭድ፣ ምሳርና ለበዓል የሚሆን የባሌስትራ ካራ ነው፤ ሥጋ አራጅ የሆነ ሰው በየቀኑ ተስሎ ስለቱን የሚይዝ ነገር ስለሚፈልግ ገና አልተዋቸውም።

እንግዲህ ወናፉን ማን ይይዛል? ይህ ጥያቄ በቤታችን ብዙ ማታ አነጋግሯል። አያታችን በሕይወት ሳሉ፣ «ከልጆቹ አንዱ ይቀመጥ» ይሉ ነበር። አባታችን ግን፣ «እኔ የተሰደብሁትን ስድብ አላወርሳቸውም፤ ይማሩ» ብለው ከጭሱ አወጡን፤ የትምህርታችንንም ወጪ የከፈሉት ካራ እየሸጡ ነው። እኛ በዚህ ዓመት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እንቀመጣለን። ብናልፍ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊቴክኒክ ሆኖ በተጀመረው፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሆነው ገብተን ስለ ብረት መማር እንፈልጋለን። ይህን ስንነግራቸው አባታችን ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ከብረት ልትሸሹ ሩቅ መንገድ ሄዳችሁ ተመልሳችሁ ብረት ልትይዙ ነውን?» አሉ። ደስ እንዳላቸው ግን ፊታቸው ይናገር ነበር።

እስከዚያው ድረስ ወናፉ ሥራ አልፈታም። ባለፈው ዓመት ከገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ዘመዳችን ያልሆነ፣ «አባባ፣ ሥራውን አስተምሩኝ» ብሎ ደጃችን ቆመ። መሬት ለወንድሞቹ ተከፋፍሎ ለእርሱ አልደረሰውም። በቤታችን ታሪክ ከቀጥቃጭ ዘር ሳይሆን በፈቃዱ ወደ ወናፉ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። እናቱ በሁለተኛው ሳምንት ፈርተው መጡ፤ ቡናም አልቀመሱ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ለመሆኑ ልጄ ሌሊት ከቤት ይወጣልን?» ብለው ጠየቁ። አባታችን ነገሩ ገብቷቸው ሳይቆጡ፣ «እሜቴ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣ የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ ቢመጣበትም አይነቃ» አሉ። እሳቸውም ሳቁ፤ ተመልሰው ገብተውም ቡናውን ጠጡ፤ እስከ ሦስተኛው ጠጡ።

ልጁ አሁን የገለባውን ቀለም ይለያል። ሦስቱን ጭረት በሠራው ላይ ያደርግ ወይም አያደርግ እንደ ሆነ ጠይቆ አባታችን፣ «ያልተሰነጠቀውን ሁሉ ምልክት አድርግበት» አሉት።

ከአዳራሹ በር ውጭ በስተ ቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ አባታችን ለዚህ በዓል ያመጧቸው አምስት ካራዎች ተዘርግተዋል። አራቱን እሳቸው ሠርተዋል፤ አንዱን የሠራው ያ ልጅ ነው። የትኛው እንደ ሆነ የሚለይ ሰው ካለ ወደ አባታችን ቀርቦ ይንገራቸው፤ እኛ አንናገርም። ሁሉም ትናንት ማታ ተስለዋልና ወላጆች ሕፃናትን ያዙልን።